ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፍኳቸው ካርዶች

መቱ ከተማ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ዕለት የመጋዘኑ በር አልከፈት አለኝ። ከውስጥ የተከመረ የዴስክ እግር ገፍቶታል።

እግሮቹን የሚሠሩት አንጋፋው አናጢ ጋሼ ቶሎሳ ናቸው። የመቀመጫው ጣውላስ የት አለ ብላቸው፣ እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው አሉኝ። ክረምቱ ሲገባ የእግሩ ግማሽ በእርጥበት ተጣሞ ማገዶ ሆነ። ሰው የማይፈለግ ነገር ለምን ይሠራል? ይህን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም።

ባለቤቱን ሐጂ ኑሩንም ሳይከነክናቸው አልቀረም፣ አንዲት መሐንዲስ አመጡ። ካንባን የሚባል አሠራር አሳየችን። በየሣጥኑ ሃያ እግርና አንድ ካርድ ይቀመጣል። ገጣጣሚዎቹ ሣጥኑን ሲጨርሱ ካርዱ ወደ ጋሼ ቶሎሳ ይመለሳል፤ እሳቸውም ሌላ ሃያ ይሠራሉ። ካርድ ካልመጣ መላጊያ አይነሳም።

ጋሼ ቶሎሳ ከፋቸው። በዚህ ዕድሜዬ ወረቀት ሊያዘኝ ነው ወይ አሉ። አንድ ወር ብቻ ይሞክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለእኔ ሲሉ እሺ አሉ።

ካርድ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ማንም ሳያዘኝ ማህተም መታሁባቸው። ማህተም ያለበት ወረቀት ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ የተመለሱትን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ጠዋት ጠዋት አድል ጀመር። አንድ ሰኞ ቡሬ ለቅሶ ሄድኩ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ ስመለስ ገጣጣሚዎቹ እግር አልቆባቸው ቆመዋል። ጋሼ ቶሎሳ መላጊያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ዳሪሙ ላለ ትምህርት ቤት ዴስክ የሚጭን መኪና ይመጣል፤ ሐጂም ትዕዛዙ ከጎደለ የካርዱ ነገር ያበቃል ብለዋል።

«ጋሼ፣ እግር ማለቁን እያዩ ዝም አሉ?»

«አየሁ እንጂ፤ ማል ጎና? ምን ላድርግ? ካርድ ሳይመጣ አትሥራ ብለሽ ለምነሽኝ የለ? ቃል ሰጥቼሻለሁ።»

አፈርኩ። ሥራ ፈትተው የማያውቁ ሰው በእኔ ቁልፍ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ውለዋል።

ካርዶቹን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ቀና ሳይሉ ሠሩ። መኪናው ግን አምስት ዴስክ ጎድሎት ሄደ። ሐጂ ካርዱን ሰብስቡ ብለው አዘዙ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ስል ጋሼ ቶሎሳ ቀደሙኝ።

«ካርዱን ተዉት ሐጂ። ቁልፉን ተቀበሏት።»

ይህን ብለው ከሥራ ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ምስማር መቱ። ቁልፉን ለሐጂ አስረክቤ ካርዶቹን እዚያ ሰቀልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የተመለሰ ካርድ ሁሉ የሚሰቀለው እዚያው ነበር።

ካርድ የሚጠቅመው ሥራውን የሚሠራው ሰው ሲያየው ነው።