ወደ ገራዶ ገደል የቀሰርኩት ጣት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አልነገርኩትም፤ እህቴም አታውቅም። በሶላት ግንባሬን መሬት ሳስነካ እንኳ «ያ አላህ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ አልፈዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። ዛሬ ልጥራው። እኔ ከሰው መቃብር ላይ እሬት ነቅያለሁ። ነቅዬም ለገዛ ልጄ ዋሽቻለሁ።

ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አያልፍም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሳጠነጥን ነው። ጠዋት ጠዋት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ በደሴ ጉም ውስጥ ወጥቼ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስገባ ከአንድ ህልም ወደ ሌላ ህልም የምሻገር ይመስለኝ ነበር። ልጄ ሀያት ግን ተምራ ዕፅዋት የምትለይ ሆነች። ቅጠል በጋዜጣ መሃል ዘርግታ፣ በጣውላ ተጭና፣ አድርቃ፣ ከየት እንደተነቀለ በእርሳስ የምትጽፍ።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው የገራዶ ገደል ላይ የሚበቅለውን እሬት ልትሰበስብ ተነሣች። እኔ ገደል እፈራለሁ። እሷን ከወለድኩ ቀን ጀምሮ ነው የምፈራው። አበባው በፈነዳበት ሳምንት ታይፎይድ ጣላትና አልጋ ላይ ሆና አለቀሰች፤ አበባው ከረገፈ ዓመት መጠበቅ ነው። እውነቱን ልናገር? እኔ በመታመሟ ደስ ብሎኝ ነበር። «አንቺ ተኚ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

ሄድኩ። የገደሉ አፍ ላይ ቆምኩ። ጉሙ ከታች እየተነሣ እግሬን ሸፈነው። አንድ እርምጃ ወረድ ስል ድንጋይ ተንከባለለ፤ የት እንዳረፈ ድምፁን አልሰማሁም። ተመለስኩ።

በመመለሻዬ መንገድ ላይ አንድ የመቃብር ቦታ አለ። በእኛ አገር እሬት መቃብር ላይ ይተከላል፤ ያለ ውሃ ስለሚኖር። ስም በሌለው፣ በድንጋይ ብቻ በተከበበ አንድ ቀብር ላይ አበባ የያዘ እሬት በጉሙ ውስጥ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ቅጠሉ ነጠብጣብ ነበረው። ኮምቦልቻ ከፋብሪካው አጥር ሥር የማውቀው ዓይነት ነው። የቆላ እሬት መሆኑን አላወቅሁም ልበል? አውቄያለሁ። አንዱ ሐዘንተኛ ከቆላ ተሸክሞ አምጥቶ ለሟቹ የተከለው መሆኑንስ? እሱንም ልቤ ነግሮኛል። ቢስሚላህ ብዬ ነቀልኩት። ቢስሚላህ ተብሎ ይሰረቃል?

ሀያት እሬቱን ስታይ ከአልጋዋ ተነሣች። «እማ! ይሄ እኮ የቆላ ነው! እዚህ ብርድ ላይ ምን ይሠራል? የት አገኘሽው?»

«ገደሉ ላይ።»

«ብዙ ነው?»

«ሰባት ስምንት ይሆናል።»

ሰባት ስምንቱን ከየት አመጣሁት? ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ግን ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።  ሲሻላት ገራዶ ይዛኝ ሄደች፤ «የቱ ጋ ነው?» ስትለኝ ጣቴን ቀስሬ ወደ ገደሉ አሳየኋት። ገደሉን ጉም ሸፍኖት ነበርና እሷም ጣቴ ባሳያት ላይ ቆማ በስልኳ የቦታውን የካርታ ቁጥር ወሰደች።

ስለዚያች እሬት የጻፈችው ጽሑፍ ዕፅዋትን እየለየ ስም በሚሰጥ መጽሔት ላይ ወጣ። በእሱም ሳቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ መጽሔቱ አንድ ሥራ ሰጣት፤ እስከ ዛሬ ምን ምን ሲያትም እንደኖረ፣ የቱ ጽሑፍ ይበልጥ እንደተጠቀሰ እንድታጠና። እሷ ኮምፒውተር ላይ መስመር ስታሰምር እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ።

«ድሮ አዲስ ተክል አግኝቶ ስም ማውጣት ነበር የሚበዛው» አለችኝ። «አሁን ሙቀቱ ተክሎቹን ወዴት ወሰዳቸው የሚለው በርትቷል። ያንቺም እሬት ከላይ ከላይ ነው ያለችው እማ፣ ብዙ ተጠቅሳለች።»

«መጠቀስ ምን ማለት ነው?»

«ሰው አንቺን አምኖ፣ አንቺ ባልሽው ላይ ቆሞ ሲናገር ነው።»

ምስሩ ከእጄ ተበተነ። ለካስ ዓለም ሞቆ የቆላ ተክል ወደ ደጋ እየወጣ ነው ለሚሉት ሁሉ የእኔ እሬት ምስክር ሆናለች! ሙቀቱ እውነት ይሆናል፤ ደሴም የድሮዋ ደሴ አይደለችም። እኔ ግን ለእውነት የሐሰት ምስክር አቆምኩለት። የኮምፒውተሩ መስመር እንደ ሐረጎ መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም ስል፣ እሬቷ በእግሯ ሐረጎን ስትወጣ አያታለሁ። ሻርፕ ለብሳለች፤ በየመታጠፊያው ሰው እየተነሣ ይከተላታል። ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። አጠገቤ ስትደርስ ግን ቆማ እኔን ታየኛለች።

ባለፈው እሁድ ሀያት ሰሚራ የምትባል ተማሪዋን ይዛ ገራዶ ሄደች፤ እሬቷ ተራብታ እንደሆነ ለማየት። እኔንም ወሰዱኝ። ገደሉ አፍ ላይ ቤታቸው ያለው ሼህ ሙሄ የእሬቷን ፎቶ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ እሬት እዚህ በቅሎ አያውቅም።»

«አባባ፣ ጽሑፉ እኮ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል» አለች ሀያት ፈገግ ብላ።

«ማሻ አላህ! ከሠላሳ አንዱ ስንቱ መጥቶ አየው?»

ሀያትና ሰሚራ ሳቁ። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ እህቴ፣ ምን ትያለሽ?»

«አላህ ያውቃል» አልኩ።

«አላህማ ያውቃል። እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁ።»

ሀያት ቀደመችኝና «እናቴ በእጇ ነው የነቀለችው አባባ» አለቻቸው። ሽማግሌው ተወልደው ባደጉበት ቦታ፣ እውነት ይዘው፣ በእኔ ውሸት ዝም አሉ።

ሰሚራ ጎንበስ ብላ ቁልቁል አየች። «ከላይ ስለማይታይ ነው ቲቸር። ቅዳሜ ገመድ አምጥቼ እወርዳለሁ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?» አልኳት።

«ኧረ ማዘር፣ ብነግራት መች ትለቀኛለች!»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን ፍረዱኝ። እኔ የራሴን ልጅ ከገደል አድናለሁ ብዬ የሌላ እናት ልጅ በገመድ እንድትንጠለጠል አደረግሁ። ለእናትነቴ ብዬ ነው አልልም። የሰሚራስ እናት እናት አይደለችም?

ነገ ዓርብ ነው። ይህን ወረቀት የሀያት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስታነበው ለመጽሔቱ መጻፍ ይኖርባታል፤ ጽሑፏ ይሰረዝ ይሆናል፤ የሚያምኗት ሰዎች ያፍሩባት ይሆናል። ምናልባት እኔን አታናግረኝም። ይገባኛል።

ስሙን የማላውቀው ሟች ሐቁን ከእኔ ላይ ይፈልጋል። ሼህ ሙሄን ደጃቸው ሄጄ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። አንቺን ልጄ፣ አፉ በይኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም፤ ስለዚህ አልልም። ያኔ ከነቀልኳት እሬት ሥር የቀረችውን ቡቃያ ጓሯችን በጣሳ አሳድጌአታለሁ። ይዣት ወደ መቃብሩ እመለሳለሁ። ሰሚራ ገመዱን ትተወው። አንቺ ግን ስልክሽን ይዘሽ ነይ፤ ጣቴን ዳግመኛ እቀስርልሻለሁ፣ እዚያ ላይ ቆመሽ ቁጥሩን ውሰጂ።