ያስገዘትሁት ጥድ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈራችን የእድር ሰዎች ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቤቴ መጡ። በመንገድ ዳር የተከልናቸውን ችግኞች ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እየነቀለ ጨርሷቸዋል። "እርስዎ ዕድሜዎን በደን ሥራ የጨረሱ ሰው ነዎት፤ ካህናቱን ያነጋግሩልንና በግዝት እናስቁመው" አሉኝ። አይሆንም አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ የእድሩ ዳኛ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም። ከሄዱ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እማማ አትጠገብ ከዓይኔ አልጠፉም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ ከጅጋ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ የደን ባለሙያ ሆኜ ተመደብሁ። ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መታደል የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ሰው ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላስቲኩ ላይ ጨርቅ ደርቦ ያስቀምጣል። አገሩን ወደድሁት። በየሄድሁበት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይቀርብልኛል፤ የዳጉሳ ጠላውንማ እምቢ ማለት አይቻልም። ዛፍ ልቆጥር ወጥቼ አንዱ ዛፍ ሁለት እየሆነብኝ የተመለስሁበት ቀን አለ።

ሥራው ግን አልሆነልኝም። የቀበሌው ደንብ አገር በቀል ዛፍ፣ በግል ይዞታ ላይ የበቀለ እንኳ ቢሆን፣ ያለ ኮሚቴ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ገበሬው ደብተሩን እያሳየ መሬቱ የእኔ ነው ይላል፤ እኔ ደንቡን እያሳየሁ ዛፉ ግን ያንተ አይደለም እላለሁ። ስብሰባ ላይ እሺ ይሉኛል፤ በማግስቱ ስዞር ጉቶ ይቆየኛል።

መንግሥትን ባይፈሩ ግዝትን ይፈራሉ ብዬ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ፣ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድሁ። እንዲህ ያለ ብልጠት የሚታየው ለወጣት ነው። ቄሰ ገበዙ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "የወል ደኑንስ እሺ፣ የጋራችን ነው። የሰው ደጅ ውስጥ ግን ምን አገባን?" አሉኝ።

"እሱ ካልተጨመረበት ዋጋ የለውም አባ። ደንቡም የሚለው እንደዚያ ነው።"

መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። የመንግሥት ሰው መሆኔን ያሰቡ ይመስለኛል። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ "ያለ ፈቃድ ዛፍ የቆረጠ፣ ያስቆረጠ፣ ሲቆረጥ አይቶ ዝም ያለ፣ በገዛ ይዞታውም ቢሆን፣ የተገዘተ ይሁን" ብለው ተናገሩ። "በገዛ ይዞታውም ቢሆን" የምትለዋ የእኔ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጥረቢያ ድምፅ ጠፋ፤ እኔም ሪፖርቴን በኩራት ጻፍሁ።

ግንቦት ሲጋመስ እማማ አትጠገብ ቢሮዬ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ቡሬ አግብታለች፤ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። የቤታቸውን ምሰሶ ምስጥ በልቶታል። በባሕር ዛፍ ቢተኩት ምስጥ እሱንም በሁለት ክረምት ይጨርሰዋል። ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ግን ደጃቸው ላይ አለ፤ በሙሽርነታቸው ዘመን ከፍየል እየጠበቁ ያሳደጉት። ደብተሩን ከጨርቁ ፈትተው ፎቷቸውን አሳዩኝ።

"ይህች እኔ ነኝ ልጄ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"መሬቱስ?"

"የእርስዎ ነው።"

"ታዲያ ጥዱ የማን ነው?"

ኮሚቴው ያየዋል አልኋቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥልጠና ሄዶ ነበርና ሳይሰበሰቡ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ።

እማማ አትጠገብ ጥዱን በቀን በብርሃን መቁረጥ ያዙ። ሰው እንዲረዳቸው ጠርተው ነበር፤ ግን ማን ይምጣ? አይቶ ዝም ያለም ተገዝቷል። ሁለት ቀን ሙሉ የመጥረቢያው ድምፅ ከማዶ ቢሮዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ጥቂት ይመታል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል። በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው ፊቱን በጋቢው እየሸፈነ ይዞራል፤ ከብት የሚነዳውም በሌላ መንገድ ይነዳል። ሁሉም እየሰማ ማንም አላየም። እኔም አልሄድሁም፤ ከሄድሁ ማየቴ ነው።

ጥዱ ወደቀ፤ ግንዱን የሚያነሳላቸው ግን አልተገኘም። እዚያው ደጃቸው ላይ ተጋድሞ ቀረ። ቤቱን በባሕር ዛፍ ደጋግፈው ኖሩበት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ቄሰ ገበዙ ንስሐ ትግባና ልፍታት ብለው ላኩባቸው፤ አሻፈረኝ አሉ።

ይሄኔ ነው ላግባባቸው የሄድሁት። ጭቃው ቦቲዬን ሊያስቀርብኝ ደርሶ ነበር። ግንዱን ተራምጄ ገባሁ።

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ሰው ከገዛ ደጃፉ ቆርጦ ሲወገዝ ግን አልሰማሁም።"

"አጠፋሁ ማለት ብቻ እኮ ነው እማማ። አንድ ቃል ናት።"

"አንድ ቃል ከሆነችማ አንተ በላት። ያስገዘትኸው አንተ ነህ አሉ። እሑድ ሰዉ ሳይበተን ቆመህ ጥዱ የእሷ ነው በል። ያን ቀን እገባለሁ። ሌላ ምንም አልልህም።"

እሺ አልሁ። ከልቤ ነበር እሺ ያልሁት። ስወጣ የበቆሎ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ መንገዱን ሁሉ እየቆረጠምሁ ተመለስሁ።

እሑድ ያችን አንድ ቃል በልቤ እያጠናሁ ሄድሁ። ቅዳሴው አልቆ ቄሰ ገበዙ የሚናገር አለ ወይ ሲሉ ብድግ አልሁ። ከዚያ ሐሳብ መጣብኝ። ግዝቱን ዛሬ ባፈርሰው ነገ ማን ዛፍ ይተዋል? የላክሁት ሪፖርትስ? በቅጥሩ በር በኩል እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀና ብለው ያዩኛል። የችግኝ ጉድጓድ እንዲቆፈር አሳስቤ ተቀመጥሁ። ሰዉ ተበተነ።

በዚያው ክረምት በደን ጥበቃ ተመስግኜ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። ስሄድ በእሳቸው ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በዙሪያ ሄድሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጅጋ ገበያ ላይ ከቄሰ ገበዙ ጋር ተገናኘን። አርጅተዋል። መስቀል ተሳልሜ ስለ እማማ አትጠገብ ጠየቅኋቸው።

"አረፈች። ፈትቻት፣ በወጉ ቀብሬያታለሁ፤ አትጨነቅ።"

"በሕይወት ሳሉስ ገብተው ነበር?"

"አልገባችም። ሰባት ዓመት ውጭ ቆመች። እሑድ እሑድ ስወጣ፣ ያ ልጅ መጥቷል ወይ? ትለኝ ነበር።"

ደንቡ ከንቱ ነበር አልልም። በዚያ አገር ዛሬ ከፀሐይ መጠለያ ጥላ ከተገኘ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ይህን የሚነግረኝ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። እኔን የሚያባንነኝ ዛፉ አይደለም። ዛሬም ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሊበተን ሲል ብድግ ልል ይቃጣኛል፣ ዓይኔም ወደ በሩ ይሄዳል። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ምንም እላታለሁ። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፦ ጥዱ የእማማ አትጠገብ ነበር።