ባዶ ቤት የሚጨስበት ወንዝ ዳር

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ያየሁት ግን አልተወላገደም።

ሰፈራችን ከደብረ ታቦር በታች፣ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት ውኃው ደፉን አልፎ መደብ ላይ ተኝተን አገኘን፤ በሬዬንም ከነገመዱ ወሰደው። ቤቴ ከሁሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎርፉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔው ደጅ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ካብ እንካብ የሚል፣ ዛፍ እንትከል የሚል፣ ሰፈሩን ወደ ጉብታው እናንሣ የሚል። ባለቤቴ ጥሩዬ እንነሣ ከሚሉት ነበረች። እኔ አባቴ ከሠራው ቤት አልነሣም አልሁ።

ሊቀመንበሩ፣ "አያ ውቤ፣ እንግዲያው ሌላው አገር ያደረገውን አይተው ይምጡ። አንቱ የመከሩትን እናደርጋለን" አለኝ። እኔን ያሳመነ ነገር ሌላውን አያቅተውም ብሎ ነው።

ጥሩዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። "ካብ ፍለጋ ነው የሚሄዱት፤ አውቅዎታለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጋፋት

ግንቦት ነበር። ጋፋት ቅርብ ነውና ረፋድ ላይ ደረስሁ። እዚያ ወንዙን ዳርና ዳር ሸንበቆና አኻያ ተክለውበታል። ሥሩ አፈሩን ጨምድዶ ይዞታል፤ በእግሬ ብመታው አልተነቃነቀም።

"መቼ ተከላችሁት?" ብዬ አንዱን ገበሬ ጠየቅሁ።

"እሱ ሲወለድ" አለና ጢሙ የሞላ ልጁን አሳየኝ።

"የእኔ ጎርፍ እኮ የሚመጣው ሐምሌ ላይ ነው!"

"እንግዲያው እስከዚያ ዋና ይማሩ፣ አያ" ብሎ ሳቀብኝ።

ጉማራ

በማግሥቱ ቁልቁሉን ወደ ጉማራ ወረድሁ። እዚያ የምሻውን አገኘሁ፤ በሽቦ የተጠፈረ ድንጋይ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ካብ። ልቤ ሞላ። ላዩ ላይ ተቀምጬ በሶዬን በጠበጥሁ።

ቀና ብል ማዶውን አየሁት። ገደሉ ተበልቷል፤ አንድ ግራር ሥሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል፤ የአንዱ ቤት አውድማ እኩሌታው የለም። አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች።

"የእናንተስ ካብ የታለ?" ብዬ ጮህሁ።

"የእነሱ ካብ ነው እኛን ያፈረሰን፣ አባባ! ውኃው እዚያ ተመትቶ ወደዚህ ይመጣል። እናንተ አገር ማዶ ዘመድ የለም?"

ዘመድስ አለኝ፤ እኅቴ የተዳረችው ማዶ ነው። ስንቄን ቋጥሬ ተነሣሁ።

ከአንበሳሜ ወዲያ

አንበሳሜ ገበያ ውስጥ ጎርፍ ሸሽቶ ጉብታ ላይ ስለ ወጣ አንድ ሰፈር ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በላይ በኩል ይሂዱ፤ በወንዙ አይሂዱ" አሉኝ። የከለከሉኝን መንገድ መተው አላውቅም።

ጀምበር ዘንበል ስትል ወንዝ ዳር ያለው አሮጌው ሰፈር ታየኝ። ከየቤቱ የሣር ክዳን ጭስ ይወጣል። ዋሽተውኛል፣ ሰዉ አልተነሣም አልሁ። ስቀርብ ግን ውሻ አልጮኸም። ዶሮ እንኳ የለም። ወንዙ ከስቶ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ ድምፅ የለውም።

"ቤቶች!"

ዝም።

አንዱ ቤት ገባሁ። ጉልቻው መካከል ኩበት ይጨሳል፤ ድስት አልተጣደም። ወለሉ የአምናው ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው፤ የአንድ ሰው ኮቴ ገብቶ ወጥቶበታል። ሁለተኛውም ቤት እንዲሁ። ሦስተኛውም። ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለው የመጨረሻው ቤት ግን እሳቱ ይነዳል፤ ነበልባሉ ይታያል። ደለሉን አየሁት። ከእኔ እግር በቀር ኮቴ የለበትም።

"አባባ! ከዚያ ቤት ይውጡ!"

ኩበት ያቀፈ ሰው ከላይ ቆሟል። ደሴ ይባላል፤ ጉብታ ላይ ከወጡት አንዱ ነው። ወደ እሱ ወጣሁ።

"ቤት ካልጨሰ ወንዙ ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ይገባበታል ይሉ ነበር አባቶቻችን። በየተራ እየወረድን እናጨሳለን" አለኝ።

"በክረምትም?"

"በክረምትም።"

"የመጨረሻው ቤት ተራ የማን ነው?"

መሬት መሬት አየ። "የእትዬ ላቀች ነበር። አምና ነሐሴ ልታጨስ ወርዳ ውኃ ወሰዳት። ሬሳዋንም አላገኘነው።"

"እሳቱን ታዲያ ማን ያነደዋል?"

"እኛ አንገባበትም። የገቡት አንቱ ነዎት፤ አንቱ ይንገሩኝ።"

ያን ሌሊት ደሴ ቤት አደርሁ። ቤቱ ደረቅ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን የሰፈሩ በር ሁሉ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነው የተከፈተው።

"ለምን አታፈርሱትም?" አልሁት።

"አባት የሠራው ቤት ይፈርሳል እንዴ?"

የገዛ ቃሌን ከሰው አፍ ሰማሁት። ደስ አላለኝም።

መመለስ

እህል በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በወረታ ዞሬ ገባሁ። ረዳቱ "አባባ፣ ጋቢዎ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከየት ነው የመጡ?" አለኝ። ጋቢዬን ገልብጬ ለበስሁት።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። "ዛፍ ትከሉ፤ እሱ ለልጅ ልጅ ነው። ካብ ከካብን ማዶ ያለውን ዘመዳችንን እናሰጥማለን። እንነሣ" አልሁ።

"አንቱም?" አለ ሊቀመንበሩ።

"እኔም።"

"አያ ውቤን ምን አስደነገጣቸው? ጅብ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አልነገርኋቸውም። የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ ግማሽ መነሣት ከመቅረት ይከፋል።

ማታ ጥሩዬ አጠገቤ ቁጭ አለች። እንነሣ ስትል የከረመችው እሷው፣ "ቤቱን አናፍርሰው፤ አባትዎ የሠሩት ነው። አልፎ አልፎ እየወረድሁ እሳት አነድበታለሁ" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ምድጃው ላይ ውኃ ደፋሁበት። ሦስቱን ጉልቻ ነቅዬ ጉብታው ላይ አወጣሁ፤ ተመልሼም አባቴ ያቆመውን ምሰሶ በመጥረቢያ ከሥሩ ጣልሁት።