ለፎቶ ያስፈታሁት ጆንያ
«ጋዜጠኛው፣ አካም ጅርታ?» አሉኝ ዛሬ ጊንጆ ሻይ ቤት፣ በከዘራ የሚራመዱ አንድ አዛውንት። አባ ቢያ መሆናቸውን ሳውቅ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በደርግ ጊዜ የገበሬዎች ማኅበር ትራክተር ሾፌር ነበሩ። ትንሿ ትራክተር ከባድ ማረሻ ስትጎትት ፊቷ እንዳይነሳ፣ አፍንጫዋ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ያስሩ ነበር።

እኔ ግን ለጋዜጣው ፎቶ አያምርም ብዬ አስፈታሁት። «ያለሱ ትራክተሯ ዳገቱን አትችለውም» ቢሉኝ፣ «አብዮቱ ጆንያ ለብሶ አይታይም» አልኳቸው። ያኔ ብልህ መልስ መስሎኝ ነበር።

ትራክተሯ ወደ ኋላ ተገለበጠች፤ እግራቸው ተሰበረ። እኔም «በአሽከርካሪው ግድየለሽነት» ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «እግሩስ ይሁን» አሉ። «ልጄን ግን እስከ ዛሬ አላሳመንኳትም። ጋዜጣ አይዋሽም ትላለች።»

ነገ ልጃቸው ቤት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ የቆየ ውሸት ያረማችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።