ያልተቀመሰው መረቅ

ወሰንየለሽ ሂርና ስትገባ ኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። የስኳር ሕመሟ ደግሞ ጠዋትና ማታ መርፌ ይፈልጋል። ከዱራሜ የላካት ማኅበር ይህን አስቀድሞ አልተናገረም ኖሮ የአጥቢያዋ ሽማግሌ ኦቦ ቢቂላ ሻንጣዋን እያወረዱ፣ «ወንጌላዊት ላኩልን ብንል ታካሚ ላኩልን» ብለው አጉረመረሙ። እሷ ሳቀች። አማርኛውን ለይታ ሰምታለች፤ ግን ከመነሻውም ደስ ብሏት ነበርና ቅር አላላትም።

ስትሰብክ ቶላ የሚባል ጎልማሳ አጠገቧ ቆሞ ይተረጉምላታል። እሷ አንድ ነገር ስትል እሱ ሦስት ይላል፤ ሰዉም ይስቃል።

«ቶላ፣ ዛሬ ምን አልኩ?» ትለዋለች ሲወጡ።

«በጣም ጥሩ ነገር ነው ያልሽው። እኔም ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም።»

የተከራየችው ክፍል ፍሪጅ አልነበረውም፤ ኢንሱሊኗ ደግሞ ያለ ቅዝቃዜ ይበላሻል። ከአጥሩ ወዲያ አዴ ሀኒፋ ለስላሳ ትሸጣለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ድሬዳዋ የከተሙ፣ ምላሷ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ሴት ናት። ወሰንየለሽ ፈራ ተባ እያለች ብትጠይቃት፣ «ፍሪጁ የአላህ፣ መብራቱ የመንግሥት፤ እኔ ምን አገባኝ? አስቀምጪ» አለቻት። ግን አንድ ነገር ጨመረች። አማርኛ አሳምራ ትችላለች፤ ቢሆንም ወሰንየለሽ መድኃኒቷን በኦሮምኛ ካልጠየቀች አትሰጣትም።

እንዲህ ሆኖ በሽታዋ ትምህርት ቤት ከፈተላት። ወሰንየለሽ ጠዋትና ማታ በአዴ ሀኒፋ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ በወተት የሚፈላውን የቡና ገለባ፣ ሆጃን፣ ያለ ስኳር ትጠጣለች፤ እየተሳሳተች ትናገራለች። «አንቺ ስታወሪ ፍየል እንኳ ቆማ ታዳምጣለች» ትላታለች አዴ ሀኒፋ፤ «ምን ፈልገሽ እንደሆነ ግራ ገብቷት።» ሲያምርላት ደግሞ «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ትላታለች።

በሁለተኛው ዓመት ቶላን አስቀምጣ ብቻዋን ሰበከች። ሰዉ ሲስቅ ለምን እንደሳቀ አወቀች፤ ሲያለቅስም እንዲሁ። ማታ መርፌዋን ልትወጋ ስትገባ አዴ ሀኒፋ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ «ሃይማኖቱ የራስሽ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ግን ስለ በጎቹ ስታወሪ ቋንቋውን ገደል ከተትሽው» አለቻት። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። በሕይወቷ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሏት አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ደስታው ከስብከቱ የመጣ መስሏት ነበር።

ከዚያ ለአገልግሎት ሚኤሶ ወርዳ ወባ ይዛ ተመለሰች። ትኩሳቱ ስኳሯን አናወጠውና አልጋ ላይ ዋለች። አዴ ሀኒፋ መድኃኒቱን ራሷ ታመላልስላት ጀመር። አንድ ቀን ቀትር ላይ በክዳን ዕቃ የዶሮ መረቅ ይዛ መጣች። «ሳይቀዘቅዝ ጠጪው» አለቻት። ሱቁን ክፍት ትታው ስለነበር ሳትቀመጥ ወጣች።

ወሰንየለሽ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ሽታው ያስጎመጃል። ግን የእስላም ሥጋ ነው ብላ አሰበች። ኦቦ ቢቂላ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ምእመናኑስ? ስለ ፍቅር የሰበከችው አፏ ለአንድ ጉርሻ ፈራ። ማን እንዳረደው ልትጠይቅ ትችል ነበር፤ የምትጠይቅበትንም ቋንቋ ያስተማረቻት ያቺው ሴት ናት። አልጠየቀችም። ውሃ የምታመጣላት ፋጤ ስትመጣ፣ «አልበላልኝ አለ፤ አንቺ ብዪው» አለቻት። ፋጤ መርቃ በላች፤ ዕቃውንም አጥባ ለአዴ ሀኒፋ ልትመልስ ሄደች።

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጀምበሩ ሊጠይቃት ብቅ አለ።

«ዶሮው አበረታሽ ወይ? ቢላዬ ዶልዱሞ አሳፈረኝ እንጂ ወፍራም ነበር።»

«የትኛው ዶሮ?»

«አዴ ሀኒፋ ከነነፍሱ አምጥታ ‹የእናንተ እጅ ይረደው› ያለችኝ ነዋ። ድስቱንም አዲስ ገዝታለች አሉ።»

በሂርና እንዲህ ነው። ለሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ሥጋ የሚያበስል ሰው በጎረቤቱ እጅ ያሳርዳል። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ደግሞ ነውር ነው፤ ውለታን እንደ መቁጠር ይሆናል። ስለዚህ አዴ ሀኒፋ አልተናገረችም። የዱራሜ ልጅ ወሰንየለሽ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የእስላም እጅ ያላረደውን የማትቀምሰው ፋጤም ሳታውቅ በላችው።

ወሰንየለሽ ግድግዳ እየያዘች ወደ ሱቁ ሄደች። አዴ ሀኒፋ ከጠረጴዛው ኋላ ቆማለች።

«ወንጌላዊት፣ ተሻለሽ?» አለቻት በአማርኛ።

ወሰንየለሽ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀች። እንደዚያን ቀን አሳምራ ተናግራ አታውቅም፤ የሚያርማት ግን አልነበረም።

«እኔን ተይኝ» አለች አዴ ሀኒፋ። «ብትደፊው ‹ታማለች፣ አስጠልቷት ነው› እል ነበር። ፋጤን ምን ልበላት? ‹አላህ ይስጥሽ› ብላ እጄን ሳመችኝ። ብነግራት ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። ባልነግራት ኃጢአቱ እኔ ላይ ነው።»

«እኔ ልንገራት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አትንገሪያት። አንቺ ተናግረሽ ይቀልልሻል፤ እሷ ይዛው ትኖራለች።»

መድኃኒቷን አልከለከለቻትም። በሰዓቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥላታለች፤ በአማርኛ «ይማርሽ» ትላታለች። ምንጣፉ ድረስ ግን ግቢ የሚላት አልነበረም። ወሰንየለሽም ለፋጤ አልነገረቻትም። ውሃ ባመጣችላት ቁጥር ግን ዓይኗን ማየት አቃታት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ማኅበሩ ለሕክምና እንዲቀርባት ብሎ ወደ ጭሮ አዛወራት። እዚያ ቢሮ ውስጥ ፍሪጅ አለ። ኦሮምኛዋን ለሚሰማ ሁሉ የሂርና ልጅ ትመስለዋለች። ከገለምሶ ሳይቀር እየጠሩ፣ «በበሽታ ላይ ቋንቋ ተምረሽ እንዴት አገለገልሽ? መስክሪ» ይሏታል። ትመሰክራለች። ስለ ቶላ ትርጉም ታወራለች፣ ስለ ፍየሏም ታወራለች፤ ሰዉ ይስቃል። ወባው ጋ ስትደርስ «በጌታ ቸርነት ተነሣሁ» ብላ ትዘጋዋለች።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ ሂርና ወረደች። አዴ ሀኒፋ ደኅና ናት፤ ጥቂት ወፍራለች። ስታያት ከጠረጴዛው ኋላ ወጥታ ጉንጯን ሳመቻት፤ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠቻት። ወሰንየለሽ በኦሮምኛ ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፤ አዴ ሀኒፋ በአማርኛ መለሰችላት።

«ፋጤስ?»

«አለች፣ ደኅና ናት። አላወቀችም።»

ከዚያ አዴ ሀኒፋ ተነሥታ ከመደርደሪያው የታሸገ ውሃ አወረደች። ፊቷ አቆመችላትና ወሰንየለሽ እያየች ክዳኑን አዙራ ማሸጊያውን ሰበረችው።

«ይኸው፤ ማንም አልነካውም፤ ጠጪ» አለቻት። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ወሰንየለሽ ጠጣችው። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ እዚያው ተቀመጠች።