የኮሶው ሚዛን

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠባቸው ዓመታት እኔ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ደብር የሕግ መጽሐፍ ትርጓሜ ተማሪ ነበርኩ። ቅኔውን ጨርሼ፣ የዘመን ቁጥሩን ይዤ፣ ዕድሜዬም ለትዳር ደርሶ ሳለ ነው ወደ ሕጉ የገባሁት። መምህራችን የኔታ አንድን ጥያቄ ለአንድ ትምህርት ብቻ ትተው አያውቁም። የሕጉን ቃል ሲያስረዱ ገበያን ያነሣሉ፤ ስለ ገበያ ሲያወሩ የከዋክብትን ዑደት ይጠይቁናል፤ ተማሪ ሲታመም ደግሞ የመድኃኒቱን ሥር አስነቅለው፣ ለምን እንደሚያሽር ሳንመልስ አያስጠጡትም ነበር። እኛ ስንከራከር በሽተኛው ሲያቃስት የዋለበትን ቀን አስታውሳለሁ።

ይህ የምጽፈው ነገር የደረሰው በየኔታ የቅኔ ቤት ጓደኛ በአንድ መሪጌታ ላይ ነው። መሪጌታው በመድኃኒት የታወቁ ነበሩ። ሌላው ሰው ኮሶን በእፍኝ ሲሰፍር እርሳቸው በሚዛን ይመዝኑ ነበር፤ የአንድ ጎልማሳ መጠጥ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት እንዲሆን ከአባታቸው ተምረዋል። በሽተኛው ብሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ብሩ በአንዱ ሳህን፣ የተወቀጠው ኮሶ በሌላው ይቀመጣል። ብሩም በጨርቅ ተቋጥሮ እርሳቸው ዘንድ ይቆይና ሰውየው ሽሮ ሲመጣ ይመለስለታል።

በጥቅምት ወር ከጅጋ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ከእርሳቸው ዘንድ ኮሶ ጠጥቶ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ከአርበኞች ጋር ዱር የገባ ሰው ነበርና ከነጠመንጃው ወርዶ ደም ጠየቀ። የደም ክስ ይዞ ወደ ቡሬው የጣልያን ዳኛ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎች መካከል ገብተው አንድ ነገር አስማሟቸው። መሪጌታው በሚመጣው እሑድ በደጀ ሰላሙ ቆመው “ለሰው ሁሉ የምሰጠውን ሰጠሁት” ብለው ቢምሉ ነጻ ይወጣሉ፤ መማል ቢያቅታቸው ወንድምየው የፈለገውን ያደርጋል። ከመሐላው በፊት ነገሩ እንዲመረመር የኔታን ለመኑ።

“ጓደኛዬ ነውና እኔ አልመረምርም” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ሂድ። ትናንት ያልገደለ ኮሶ ዛሬ ለምን እንደገደለ ጠይቅ፤ ሌላ አትጠይቅ።”

ሦስት ቀን መረመርኩ። ኮሶው ከፈረስ ቤት ደጋ የመጣ፣ በዚያው ዓመት የተለቀመ ነበር፤ ከዚያው የቆዳ አክማዳ የጠጡ አራት ሰዎች ግን በጤና አጨዳ ላይ ነበሩ። የሟቹን ሚስት ብጠይቃት በዋዜማው እንደሚገባ መጾሙን፣ ሌላ መድኃኒትም አለመቅመሱን ነገረችኝ። ቀጥዬ ሚዛኑን አየሁ። ዘንጉ ቀርከሃ፣ ሳህኖቹ የቅል ስባሪ ናቸው። ዘንጉ ወደ አንድ ወገን አድልቶ እንደሆነ ብዬ በሁለቱ ሳህኖች እኩል ጤፍ አደረግኩ፤ ከዚያም ሳህኖቹን አለዋወጥኩ። ዘንጉ አልተዛነፈም።

የቀረው መመዘኛው ነበር።

“በምን መዘኑለት?” አልኳቸው መሪጌታውን።

“በጥይት” አሉኝ ሳይጨነቁ። “ጠገራ ብር ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ሕመምተኛው ሁሉ ጥይት ነው የሚያመጣው። መጀመሪያ የመጣውን ያኔ ገና ሳይመለስ እኔ ዘንድ ከነበረ የበሽተኛ ብር ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ጥቂት ይቀላል። ቢያንስ እንጂ አይበዛም ብዬ ተቀበልኩ።”

እውነታቸውን ነበር። ጣልያን ጠገራ ብር ትታችሁ በእኔ ገንዘብ በሊሬ ተገበያዩ ብሎ ስላዘዘ ሰው ብሩን ቀብሮ፣ እንደ ገንዘብም እንደ ሚዛንም በጥይት ይጠቀም ነበር። የሟቹ መመዘኛ አልተመለሰምና እንደተቋጠረ ሰጡኝ። ጨርቁን ፈትቼ ጥይቱን በአንዱ ሳህን አኖርኩ፤ የኔታ ለተዝካራቸው ያስቀመጡትን ብር ለምኜ በሌላው አደረግኩ። ጥይቱ ሳህኑን ይዞ ወረደ። ዘንጉ የተስተካከለው በብሩ ላይ የብሩን ግማሽ የሚያህል ስንዴ ከጨመርኩ በኋላ ነው፤ ሟቹ የሚገባውን መጠን አንድ ተኩል ጠጥቷል።

ለየኔታ ነገርኳቸው።

“ይህን ካሳየን መሪጌታው ይገደላሉ፤ ብንተወው አይሻልም?” አልኳቸው።

“ብንተወው በሐሰት ይምላል፤ ሐሰት መሆኑንም አያውቅም። አንተና እኔ ግን እናውቃለን። ከነፍሱና ከሥጋው የትኛውን ትመርጥለታለህ?”

ጥይቱን መልሼ በጨርቁ ቋጠርኩና እስከ እሑድ አስቀመጥኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ወንድምየው እንደቆመ ነበር።

“ንጉሥ በሌለበት አገር በማን ሕግ ነው የምትፈርዱት?” አለ። “ወይስ ቡሬ ያለው ነጭ ልኳችኋል?”

“ንጉሡ ተሰደዱ እንጂ ሕጉ አብሯቸው አልሄደም” አሉ የኔታ። “ሽማግሌ ይቀመጥ ሲባል እሺ ያልከውስ አንተ አይደለህም?”

“እሺ ያልኩት ይህ ቅጠል በጣሽ በመስቀል ተከልሎ እንዳያመልጠኝ ነው።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ “ልጄ፣ ጠመንጃህን ከዛፉ አስደግፈው፤ እርሱም እንደ እኛ አርፎ ይስማ” ቢሉት አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አስደገፈውና ተቀመጠ።

መሪጌታው ሊምሉ ተነሡ። የኔታም፣ “ቆይ ወንድሜ፤ ይህ ተማሪ የሚያሳይህ አለ” አሏቸው። ሚዛኑን በቅርንጫፉ ላይ ሰቅዬ ብሩንና ጥይቱን አኖርኩ። ጥይቱ ወረደ። መሪጌታው ቀርበው ተመለከቱ።

“ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?” አሉ።

ማይጨው የዘመቱ አንድ ሽማግሌ ጥይቱን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። “የውጅግራ ነው፤ የጥንቱ ጠመንጃ ጥይት። የጣልያኑ ከዚህ ግማሽ ቢሆን ነው። እንዴት ሳይለዩት ቀሩ፣ መሪጌታ?”

“እኔ ከዲቁናዬ ጀምሮ ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ጥይት ከተባለ ጥይት ነው ብዬ ነው።” ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ወንድምየው ዞሩ። “ለሰው ሁሉ የምሰጠውን አልሰጠሁትም። አልምልም።”

ሰዉ ሁሉ ወደ ዛፉ አየ። ወንድምየው ተነሣ፤ ነገር ግን ወደ ጠመንጃው አልሄደም። ጥይቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ አገላበጠው።

“ከዝናሬ አውጥቼ ለወንድሜ የሰጠሁት ነው” አለ። “ከጣልያን የማረክነውም ነበረኝ። ለመድኃኒት ነው ሲለኝ ትልቁን መረጥኩለት።”

ጥይቱን እንደያዘ፣ “እንግዲህ ደሙ በማን ላይ ነው፣ የኔታ?” አለ።

“አውቆ የገደለና ሳያውቅ የገደለ በሕጉ አንድ አይደሉም። መሪጌታ ሳይመረምር ተቀብሏልና ካሳ ይከፍላል፤ ንስሐም ይገባል። ስለ አንተ የሚናገር አንቀጽ ግን አላውቅም።”

“ፈልጉልኛ።”

“ይህ ተማሪ ይፈልግልሃል። እስከዚያው ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።”

መሪጌታው ለሟቹ ልጆች ጥማድ በሬ ሰጡ፤ መድኃኒት መስጠትንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ተዉ። እኔ የሕጉን መጽሐፍ ከመጀመሪያው አንሥቼ ሦስት ጊዜ መረመርኩት። በጎ አስቦ ክፉ መሣሪያ ስላቀበለ ሰው፣ ያውም ስለ ወንድም፣ የሚናገር ቃል አላገኘሁም። ወንድምየው ከዱር በወረደ ቁጥር በደብሩ በር ቆሞ፣ “አገኘኸው?” ይለኝ ነበር። የለም ለማለት አልሆነልኝም። “ገና ነው” እለው ነበር፤ እርሱም ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥላል።