አክስቴ ሌንሳ ውሃ የገባችበት ሳምንት

ልጅ ሳለሁ ሐይቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እፈራው ግን ነበር። የምንኖረው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ጋራ ሥር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ዳገት ላይ ነበር። ከግቢያችን ወጥቶ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የሚታየው የቤት ጣሪያ ብቻ ነው። በክረምት ከጋራው የሚወርደው ጅረት እንኳ ዝናቡ ሲያባራ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ፍርሃቱን ያመጡብኝ የአባቴ አባት፣ አባባ ደበላ ነበሩ።

መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ ያኔ ደግሞ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም፣ አባባ በረንዳው ላይ የቆርቆሮ ምድጃ አውጥተው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዱና እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ዙሪያቸውን ይሰበስቡን ነበር። የቅጠሉ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፣ ሹራባችን ላይ ተጣብቆም በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለናል፤ ከቦታው የሚነሳ ግን አልነበረም። ተረታቸው ብዙ ነው። ጅቡም ጦጣዋም ተራ ነበራቸው። እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድና የፋኖሱ ብርሃን ብቻ ፊታቸው ላይ ሲቀር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሐይቋን እመቤት ያመጡብናል። እመቤቲቱ ልጅ የላትም። ከውሃው ሥር ተቀምጣ ዳር ዳሩን የሚሮጡትን ልጆች የእግር ኮቴ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ገመቹ የሚባል ልጅ ብቻውን ሲመጣ የብር አምባር ከውሃው በላይ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ በስሙም ትጠራዋለች። እሱም አምባሩን ሊይዝ እጁን ይዘረጋል። እዚህ ላይ አባባ ዝም ብለው የፋኖሱን ክር ዝቅ ያደርጉታል፤ እኛም በአንድ ላይ እንጮሃለን።

ይህን ተረት አባቴም አክስቶቼም በልጅነታቸው ሰምተውታል። በዚያ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ ዋና የሚችል ሰው ያልነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉም የባሰባት የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ አክስቴ ሌንሳ ነበረች። ወሰን በሚባለው ሰፈር ትንሽ የስፌት ሱቅ ነበራት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ጋሽ ሰለሞን ሐዋሳ ያደገ ሰው ነው፤ ከወሰን መገናኛ የሚመላለስ የራሱ ሚኒባስ ነበረው። ሴት ልጃቸው ቦንቱ ገና መራመድ ከመጀመሯ ውሃ ካየች የሚይዛት ጠፋ። ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ከነጫማዋ ገብታ ትቀመጣለች፣ ባልዲ ትገለብጣለች፣ ዝናብ እየዘነበ በሩ ክፍት ከተገኘ እሷን የምናገኛት ቦይ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሌንሳ ከሳፋው እያወጣቻት ለእናቴ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦

«ይቺ ልጅ ውሃን አትተወውም። ወይ እኔ ዋና እማራለሁ፣ ወይ ዕድሜ ልኬን እጇን እንደያዝኩ እኖራለሁ።»

«አንቺ? ፊትሽን በእርጥብ ፎጣ የምትጠርጊው?» ብላ እናቴ ሳቀችባት።

ሌንሳ አልሳቀችም። ከስፖርት ልብስ የተረፈ ጨርቅ ፈልጋ እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ለራሷ ሰፋች። ጥር ላይ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ጋሽ ሰለሞን ሚኒባሱን ከሥራ አስወጥቶ ቤተሰቡን በሙሉ ላንጋኖ እንዲወስደን አሳመነችው።

አባባ መጀመሪያ «አልሄድም» ብለው ነበር። የተወለዱት እዚያው ሐይቅ ዳር ነው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ግን ተመልሰው አያውቁም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። መኪናው ላይ ፍራሽና ድስት ሲጫን በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ገብተው ኮታቸውን ለበሱ፤ ከዘራቸውን ይዘው ወጥተው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«እናንተ ስትዝናኑ ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» አሉ።

አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተቀምጠን፣ እየዘፈንንና እየተጣላን ሄድን። ሐይቁን ሳየው መጀመሪያ ሐይቅ አልመሰለኝም። በመማሪያ መጽሐፌ ላይ ያለው ሐይቅ ሰማያዊ ነው፤ ይሄ ግን ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፣ ማዶው አይታይም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ማዕበሉ ዳሩን ይመታዋል። የተከራየነው ሁለት ክፍል ያለው ቤት ከውሃው ብዙም አይርቅም። ዕቃው ወርዶ ሳያልቅ አባባ የግራር ቅርንጫፍ እየጎተቱ በቤቱና በሐይቁ መካከል የእሾህ አጥር ማጠር ጀመሩ። «አባባ፣ ይረፉ እንጂ» ቢሏቸው አልሰሙም። እጃቸው እየደማ አጠሩት።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ከአጥሩ ወዲህ እሳት ተለኮሰ። የግራሩ እንጨት ከባሕር ዛፉ ይልቅ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ጭሱም ለስለስ ያለ ነው፤ ፍሙ ግን ብዙ ይቆያል። አባባ ያንኑ ተረት ጀመሩ። ያኔ በየካው በረንዳ ላይ ይሰማኝ የነበረው ፍርሃት ምንም እንዳልነበር ገባኝ፤ እዚህ ሐይቁ ራሱ ከጀርባዬ ሆኖ እየተንፏቀቀ ያዳምጣል። የአጎቴን ልጅ ክንድ ጨብጬ ያዝኩ። ቦንቱ ብቻ በእናቷ ጭን ላይ ሆና በውሃው ድምፅ ትስቃለች። አባባ አምባሩ ጋ ሲደርሱ ሌንሳ ተነሳች።

«አባባ፣ ይህን ተረት ለቦንቱ አይንገሩብኝ።»

የአባባ ልጆች ሁሉ አቀረቀሩ። እሳቸውን ከወሬያቸው መሃል አቋርጦ የሚናገር በቤታችን አልነበረም።

«ተረት እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለእኔ ተረት አልነበረም። ይኸው ልጅ ወልጄ፣ ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን መጨፈን እፈራለሁ።»

«መፍራትሽ ነው ያኖረሽ» አሉ አባባ። ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ቤት ገቡ። ተረቱም እዚያው ላይ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ሌንሳ የሰፋችውን ልብስ ለብሳ ወደ ውሃው ወረደች። ጋሽ ሰለሞን እጇን ይዞ ኋላ ኋላ እየሄደ ያስገባታል። ወገቧ ላይ ሲደርስ «ፊትሽን ንከሪ፣ ትንፋሽሽን አውጪ» አላት። ነከረች፤ ወዲያው ውሃ ገብቷት እየጮኸች ቀና አለች፣ እያሳላት እየተደናቀፈች ወጣች፣ አሸዋው ላይ በእጇና በጉልበቷ ተንበርክካ አስመለሳት። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ሮጠች።

«ይቅርብሽ በቃ! ማን አስገደደሽ?»

ሌንሳ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። ዞራ ተመልሳ ገባች። ጠጣች፣ ወጣች፣ ገባች። ከሰዓት በኋላም እንደዚያው፤ በማግስቱም እንደዚያው። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠው ነበር። ማታ ከእኛ ጋር ስትበላ ግን «ነገ ትንሽ ቀደም ብለን እንግባ፣ ነፋሱ ሳይነሳ» ትለዋለች ጋሽ ሰለሞንን።

አባባ ወንበራቸውን ከአጥሩ ወዲያ፣ ውሃው ዳር አስቀምጠው ይውሉ ነበር። እኛ ልጆች ትንሽ ከተጠጋን በከዘራው ይመልሱናል። ሌንሳ ስትገባ ግን ወንበሩን አዙረው ጀርባቸውን ለሐይቁ ይሰጡና ቤቱን ቤቱን ያያሉ። ተቆጥተው ነው ብለን ነበር የምናስበው።

ነገሩ የሆነው ሌንሳ በተስፋ መቁረጥና በመቻል መካከል በነበረችበት ከሰዓት ነው። ቦንቱ ከምሳ በኋላ ቤት ውስጥ ተኝታ ነበር። ሌንሳ ውሃው ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ጋሽ ሰለሞን እጁን ከሥሯ አድርጎ «ለቀቅ በይ፣ ሰውነትሽን ለቀቅ በይ» እያለ ያረጋጋታል። ከዚያ ቀስ ብሎ እጆቹን አወጣቸው። ሌንሳ አልሰመጠችም። ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ በዚያ ቡናማ ውሃ ላይ ተንሳፈፈች። እናቴ እልል አለች፤ ሁላችንም ወደ ውሃው ተጠግተን እናጨበጭባለን። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ዞረው የተቀመጡት አባባ ብቻ ነበሩ።

«ኮቱ! ቦንቱ፣ ኮቱ! ነይ!» እያሉ አባባ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲጣሩ ሰማሁ።

ዘወር ስል ወንበሩ ወድቋል። ለመተላለፊያ የከፈትነውን የእሾህ አጥር የዘጋው ሰው አልነበረም፤ ቦንቱ ከእንቅልፏ ተነስታ በዚያ ሾልካ፣ በአባባ አጠገብ አልፋ፣ ከእኛ ራቅ ብላ ወደ እናቷ እየሮጠች ውሃው ውስጥ ገብታለች። አባባ ከነኮታቸው፣ ከነጫማቸው ከኋላዋ ገቡ። ማዕበል መጣና ቦንቱን ከእግሯ አነሳት፤ ጠፋች። አባባ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ሰደዱ፤ በቀሚሷ ይዘው አወጧት። ተንጠልጥላ አሳላት፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ውሃውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች።

አባቴ ሮጦ ሲደርስ አባባ አልሰጥም አሉት። ልጅቷን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ቀሩ። ወደፊትም ወደኋላም አይሉም። ሌንሳ ከጥልቁ ወገን በእጇም በእግሯም እየቀዘፈች፣ ዋና ይሁን መንፈራገጥ በማይለይ ሁኔታ መጣችና አጠገባቸው ቆመች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ክንዳቸውን ያዘች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። የቆሙት መሬት ላይ ነው። ይርገጡት፣ መሬት ነው።»

አዩዋት። «ገመቹ ታናሽ ወንድሜ ነበር» አሏት።

ሌንሳ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

«ከብት ሊያጠጣ ገብቶ ነው። አባቴ ዳር ቆሞ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ሠፈሩ ሁሉ ቆሞ ይጮሃል። ዋና የሚችል አንድ ሰው ጠፋ፣ ሌንሳ። አንድ ሰው!»

አባቴ ፊቱን አዞረ። ስለ ወንድማቸው ከእኛ ውስጥ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። አባባ ቦንቱን ለእናቷ ሰጧት፤ በእርጥብ እጃቸውም የሌንሳን ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ ጠረጉላት።

«ተማሪ» አሏት። «ሌሎቹንም አስተምሪያቸው።»

ያን ምሽት እሳቱ ዳር ሲቀመጡ ኮታቸው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እሳቸው የእናቴን ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። ተረት እንዲነግሩን የጠየቀ አልነበረም። ራሳቸው ጀመሩ። ገመቹ ፊቱ ላይ ጠባሳ እንደነበረው፣ ሲስቅ እንደሚያስነጥሰው፣ ጥጆችን በሰው ስም ይጠራ እንደነበር ነገሩን። የሐይቋን እመቤት ያመጧት እናታቸው ናቸው፤ ውሃ ዝም ብሎ ልጄን በላብኝ ከሚሉ፣ ልጅ የሌላት እናት ወስዳ ታሳድግልኛለች ማለቱ ሳይቀላቸው አልቀረም። አባባም ያንኑ ለልጆቻቸው፣ ከዚያም ለእኛ አወረሱን። እውነቱ ከተረቱ በጣም ያጥራል። ሲጨርሱ ማንም አልጮኸም፤ ፍሙ ውስጥ አንድ ግንድ ተሰብሮ ወደቀና አባቴ ሌላ እንጨት ጨመረበት።

ከዚያ በቀሩት ቀናት ጋሽ ሰለሞን የዋና መምህር ሆነ። እኔ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሮጬ አልገባሁም። ዳር ላይ ብዙ ቆምኩ። ሌንሳ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ አልጎተተችኝም፣ «አትፍሪ» ብላም አላታለለችኝም።

«እኔም እፈራለሁ» አለችኝ። «ነይ፣ አብረን እየፈራን እንግባ።»

ገባሁ። አባባ ወንበራቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው እያዩን ነበር፤ ራቅ ያልን ሲመስላቸው ብድግ ይሉና እንደገና ይቀመጣሉ።

ወደ የካ ከተመለስን በኋላ ሌንሳ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን እየዘጋች የዘመድ ልጅ ሁሉ ሰብስባ ወደ መዋኛ ገንዳ ትወስደን ጀመር። ጎረቤት ሲሰማ የጎረቤት ልጆችም ተጨመሩ። የሚያሾፍባት ነበር፤ «የየካ ዓሣ» ይሏታል። እሷ ግን ለሴቶቹ ልጆች ሁሉ ረጅም የዋና ልብስ እየሰፋች አለበሰቻቸው። ቦንቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነች፤ ከሁላችንም አብልጣ ትዋኛለች። አባባ አርጅተው፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው ያረፉት።

እኔ አሁን መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ መራመድ የጀመረ ወንድ ልጅ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቼ ተረት እነግረዋለሁ። የሐይቋን እመቤት ገና አልነገርኩትም። ሲያድግ ግን ተረቱንም፣ ጥጆችን በሰው ስም ይጠራ የነበረውን ልጅም አንድ ላይ እነግረዋለሁ፤ አንዱን ከአንዱ ነጥዬ መስጠት አልፈልግም።

ከዚያ ሳምንት የቀረልኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ፣ ድፍረት ነው ለማለት አልችልም። በልጅነቴ የገባብኝ ፍርሃት አልወጣም፤ እስኪወጣ መጠበቁንም ትቼዋለሁ። ባለፈው ጥር ከቤተሰቡ ጋር እንደገና ላንጋኖ ወርደን ነበር። ልጄ ውሃውን ሲያይ ከእጄ ሊያመልጥ ተፈራገጠ። እሱን ለእናቴ ሰጥቼ ልብሴን ቀየርኩ። እየፈራሁ፣ ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ተራመድኩ፤ ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ ፊቴን ነከርኩ።